የዛፍ ሽበት፦ ስለ ኡስኒያ ላይከንና ስለሚኖርበት ደን ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደጋ የወጣ ሰው አይቶታል። ከኮሶ፣ ከጽድ ወይም ከአስታ ቅርንጫፍ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ የሚያወዛውዘው ግራጫ ቢጤ አረንጓዴ ክር ነው። ብዙ ሰው የዛፍ ሽበት ይለዋል። የሳይንስ ስሙ ኡስኒያ ነው። ስለ እሱ የሚነሱ ጥያቄዎች ብዙ ናቸው። ከሁሉም የሚበዛው ግን “ዛፉን እየገደለው ነው ወይ?” የሚለው ነው። እሱንም ሌሎቹንም አንድ በአንድ እንያቸው። እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

የዛፍ ሽበት ተክል ነው?

አይደለም። ሥር የለውም፣ ቅጠል የለውም፣ አበባም አያወጣም። ላይከን ነው። ላይከን ፈንገስና አልጌ አብረው የሚኖሩበት አካል ነው። ቅርጹን የሚሰጠው፣ ውኃውን የሚይዘውና ቅርፊቱን ቆንጥጦ የሚይዘው ፈንገሱ ነው። አልጌው ውስጥ ተቀምጦ ከፀሐይ ብርሃን ስኳር ይሠራል፤ ፈንገሱም ከዚያ ይመገባል።

ይህን ለመቀበል ሰው ረጅም ጊዜ ወስዶበታል። በ1867 ስዊዘርላንዳዊው የእጽዋት ተመራማሪ ሲሞን ሽቬንደነር “ላይከን አንድ ፍጡር አይደለም፤ ሁለት ነው” ሲል የዘመኑ ትልልቅ የላይከን ሊቃውንት ተቃወሙት። በኋላ ግን እሱ ልክ ሆኖ ተገኘ። ነገሩ እዚያም ላይ አላበቃም። በ2016 በቶቢ ስፕሪቢል የተመራ የምርምር ቡድን በብዙ ላይከኖች የውጭ ቆዳ ውስጥ ሌላ ፈንገስ፣ የእርሾ ዓይነት፣ እንደሚገኝ አሳየ።

ያየሁት ነገር ኡስኒያ መሆኑን በምን አውቃለሁ?

በእጃችሁ። ዓይን ብቻውን ያሳስታል።

አንዱን ወፈር ያለ ክር በሁለት እጃችሁ ጣቶች ያዙና ቀስ ብላችሁ ሳቡት። እርጥብ ቢሆን ይመረጣል፤ ደረቅ ከሆነ በጣም ስለሚሰበር ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጉበትና አንድ ደቂቃ ጠብቁ። ክሩ ኡስኒያ ከሆነ የውጭው ቆዳ ይሰነጠቅና መሃሉ ላይ ነጭ ጅማት ይወጣል። የኤሌክትሪክ ገመድ ላስቲኩ ሲላጥ ሽቦው እንደሚታየው ማለት ነው። ጅማቱ ወዲያው አይበጠስም። ትንሽ ይለጠጣል፤ ስትለቁትም ወደ ቦታው ይመለሳል።

ይህ ፈተና መጽሐፍም መሣሪያም አይፈልግም። ከዛፍ ላይ ከሚንጠለጠሉ ላይከኖች መካከል ይህን ነጭ የሚለጠጥ ጅማት የያዘው ኡስኒያ ነው። ስለዚህ ከፎቶ ብቻ “ይህ ምንድን ነው?” ብሎ መጠየቅ ብዙ አያዋጣም። ፎቶ ካነሳችሁ የተሳበውን ክር፣ ነጩ ጅማት ወጥቶ እያለ፣ በቅርብ አንሱት።

ሌሎች ምልክቶችም አሉ። ቀለሙ ወደ ቢጫ የሚያደላ ፈዛዛ አረንጓዴ ነው። ይህን ቀለም የሚሰጠው ኡስኒክ አሲድ የሚባለው ንጥረ ነገር ነው፤ በ1844 ክኖፕ የሚባል ጀርመናዊ ኬሚስት ለይቶ ያወጣው። ሲደርቅ ግራጫ ይመስላል፤ ሲርስ ቆዳው ብርሃን ማሳለፍ ስለሚጀምር የውስጡ አልጌ ይታይና አረንጓዴነቱ ይጎላል። ክሮቹ ድቡልቡል ናቸው፤ ዙሪያቸውን ሁሉ አንድ ዓይነት ቀለም አላቸው። ሌላው፣ ሙሉው ቁጥቋጦ ቅርፊቱን የሚይዘው አንድ ቦታ ላይ ብቻ ነው። ክሮቹን ተከትላችሁ ወደ ላይ ብትሄዱ ሁሉም ከአንድ ትንሽ መቆንጠጫ ሲነሱ ታገኛላችሁ።

ከምን ጋር ይምታታል?

ብዙ ጊዜ ራማሊና ከምትባል ሌላ ላይከን ጋር። እሷም አረንጓዴ ናት፣ እሷም ትንጠለጠላለች፤ ክሮቿ ግን ጠፍጣፋ ናቸው፣ መሃላቸው ላይም የሚለጠጥ ጅማት የለም። ስትስቧት ብጥስ ትላለች።

ወርቃማ ወይም ብርቱካናማ ከሆነ ቴሎስኪስቴስ የሚባለው ላይከን ሊሆን ይችላል። ጥቁር ቡናማ ፀጉር ከመሰለም ሌላ ነው። ግንዱን እንደ ምንጣፍ የሸፈነው ደማቅ አረንጓዴ ለስላሳ ነገር ደግሞ ሞስ ነው። ሞስ እውነተኛ ተክል ነው፤ በአጉሊ መነጽር ስታዩት ጥቃቅን ቅጠሎች አሉት። በደጋ ደን ውስጥ ሞስና ላይከን አንድ ቅርንጫፍ ላይ ተደባልቀው ስለሚኖሩ ሰው ሁለቱንም በአንድ ስም ቢጠራቸው አይገርምም።

የትኛው ዝርያ እንደሆነስ?

እዚህ ላይ ትዕግሥት ያስፈልጋል። ኡስኒያ ከ300 በላይ ዝርያዎች ያሉት ትልቅ ዘር ነው። በእኔ እምነት ለጀማሪ “ኡስኒያ ነው” ብሎ በእርግጠኝነት መናገር መቻል ትልቅ ነገር ነው። ከዚያ አልፎ ዝርያውን ለመገመት መሯሯጥ ስህተት ያበዛል። መሄድ የሚፈልግ ግን የሚያያቸው ነገሮች እነዚህ ናቸው።

መጀመሪያ መነሻውን እዩ። ክሩ ቅርፊቱን የያዘበት ቦታ ጠቁሯል ወይስ እንደ ሌላው አካሉ ፈዛዛ ነው? ይህ ትንሽ ነገር ይመስላል፤ ብዙ ዝርያዎች የሚለያዩት ግን በዚህ ነው። ቀጥሎ የክሩን ቆዳ በአጉሊ መነጽር እዩት። አሥር እጥፍ የሚያጎላ የኪስ መነጽር ይበቃል። ቆዳው ለስላሳ ሊሆን ይችላል። ጥቃቅን እብጠቶች የተዘሩበትም አለ፤ በቀለበት ቀለበት የተሰነጣጠቀም አለ። አንዳንድ ዝርያ ላይ ቀይ ቀለም ታያላችሁ። አንዳንዱ ከጎኑ ነጭ ዱቄት ይተፋል። ያ ዱቄት መራቢያው ነው፤ እያንዳንዷ ቅንጣት ፈንገሱንም አልጌውንም ይዛ ትሄዳለች። አንዳንዱ ደግሞ ከክሩ ጫፍ ላይ ክብ ሳህን ያበቅላል፣ ዙሪያውን ቅንድብ የመሰሉ ቀጫጭን ፀጉሮች ያሉት። ሳህኑን አንዴ በመነጽር ያየ ሰው አይረሳውም። ከሳህኑ የሚበተነው ግን የፈንገሱ ስፖር፣ ማለትም የመራቢያ ቅንጣት፣ ብቻ ነው፤ አዲስ ላይከን ለመሆን የወደቀበት ቦታ ላይ አልጌ ማግኘት አለበት።

ከዚያ ምላጭ። ወፍራሙን ክር አግድም በስሱ ቁረጡትና በመነጽር እዩ። ሦስት ነገር ይታያል። ከውጭ ጠንካራው ቆዳ፣ ከመሃል ነጩ ጅማት፣ በሁለቱ መካከል ጥጥ የመሰለ ነጭ ሥጋ። አልጌው የሚቀመጠው ከቆዳው ሥር ነው፤ ስስ አረንጓዴ ቀለበት ሆኖ ይታያል። ጅማቱ ከክሩ ውፍረት ምን ያህሉን እንደያዘና ሥጋው የላላ ይሁን የጠበቀ መሆኑን መዝግቡ። ባለሙያዎች በዚህ ስፋት ልዩነት ዝርያ ከዝርያ ይለያሉ።

በመጨረሻ ኬሚስትሪው ይመጣል። ነጩ ሥጋ ላይ አንዲት ጠብታ የፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ብጥብጥ ሲደረግ አንዳንድ ዝርያ ምንም አይለወጥም፤ ሳላዚኒክ አሲድ የሚባል ንጥረ ነገር ያለው ግን መጀመሪያ ቢጫ፣ ቆይቶ ቀይ ይሆናል። ለሌሎች ላይከኖች በረኪናም ለዚሁ ሥራ ይውላል። ይህን ዘዴ በ1866 ያስተዋወቀው ቪልሄልም ኒላንደር የተባለ ፊንላንዳዊ ሊቅ ነው። ፖታሲየም ሃይድሮክሳይድ ቆዳና ዓይን ያቃጥላል፤ ያለ ጓንትና ያለ ዓይን መከላከያ መነጽር አትንኩት፣ ልጆች ባሉበት ቤትም አትሞክሩት። ትክክለኛው መልስ ከላቦራቶሪ ነው የሚመጣው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የት አገኘዋለሁ?

ጉም ያለበት ደጋ ሂዱ። ጣርማ በርን በመኪና ያለፈ ሰው ምን ዓይነት ጉም እንደምል ይገባዋል። ከአፋር ዝቅታ በኩል የሚመጣው እርጥብ አየር ገደሉን ታክኮ ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጉም ይሆናል። እዚያው አካባቢ፣ ከአንኮበር እስከ ደብረ ሲና ባለው ገደል ላይ፣ የወፍ ዋሻ ደን አለ። ጽዱ፣ ዝግባውና ኮሶው ያረጀ ነው። ላይከን የሚፈልገው እንደዚህ ያለ ቦታ ነው።

ባሌ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ከጎባ ወጥታችሁ የሳነቴን አምባ ካቋረጣችሁ በኋላ መንገዱ ወደ ሪራ ቁልቁል ይወርዳል። ከላይ ያለው አምባ ዛፍ አልባ ነው፤ ቀዝቃዛና ነፋሻ ነው። መውረድ ስትጀምሩ መጀመሪያ ቁመቱ ያጠረ አስታ ይመጣል፤ ዝቅ ሲባል አስታው ዛፍ ይሆናል። ግንዱ የተጣመመ፣ ቅርንጫፉ እርስ በርሱ የተቆላለፈ፣ እያንዳንዱም ቅርንጫፍ በሞስ የተጠቀለለና ሽበት የተንጠለጠለበት ነው። ከደቡብ በኩል፣ ከሐረና ደን ላይ እርጥብ አየር ወደ ላይ ይወጣል፤ ብዙ ጊዜም ይህን የአስታ ቀበቶ ጉም አድርጎ ይይዘዋል። ይበልጥ ስትወርዱ ኮሶና አሜጃ፣ ከዚያም ቀርከሃው ይመጣል። በአንድ ቀን ጉዞ ውስጥ ላይከኑ ከየት ጀምሮ እንደሚበዛና የት ላይ እንደሚያንስ በዓይን መከተል ይቻላል። ላይከን መማር ለሚፈልግ ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አላውቅም። ድንሾ ያለው የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ዙሪያም ጽድና ኮሶ ስላለ ለጀማሪ ይመቻል፤ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም።

ስሜንም አለ። ከደባርቅ ወጥታችሁ ሳንቃበር አካባቢ ስትደርሱ ከገደሉ አፋፍ ላይ ያሉት አስታዎች ሽበት አንጠልጥለው ታገኟቸዋላችሁ። የአዲስ አበባ ሰው ከሆናችሁ ደግሞ መናገሻ ሱባ ቅርብ ነው። ያረጁት ጽዶች ዘራቸው በአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ዘመን ከወፍ ዋሻ እንደመጣ ይነገራል።

በደጋ ያሉ የቆዩ ቤተ ክርስቲያኖችን ቅጥር ግቢም አትርሱ። ዙሪያው ሁሉ እርሻ ሆኖ ያረጀ ጽድና ወይራ የቀረው ብዙ ቦታ እዚያ ብቻ ነው።

ጉም ለምን ይህን ያህል አስፈለገው?

ሥር ስለሌለው። ውኃውንም ማዕድኑንም የሚያገኘው በቀጥታ ከአየር ነው። ቀጫጭን ክሮቹ ጉሙን ያጠምዱታል፤ ጥቃቅን ጠብታዎች ክሩ ላይ ይሰበሰባሉ፣ ቆዳውም ይጠጣቸዋል። በውስጡ ያለው አረንጓዴ አልጌ ስለሆነ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው። አረንጓዴ አልጌ የያዙ ላይከኖች ውኃ ባይነካቸውም ከእርጥብ አየር ብቻ ነቅተው ሥራ መጀመር ይችላሉ። በአልጌ ፈንታ ከሰማያዊ አረንጓዴ ባክቴሪያ ጋር የሚኖሩት ላይከኖች ግን እውነተኛ ጠብታ ውኃ ይፈልጋሉ።

ፀሐይ ሲወጣ ይደርቃል። ሲደርቅ አይሞትም፤ ሥራውን ያቆማል። ማታ ጉም ሲመለስ እንደገና ይነቃል። በበጋ ወራት ሄዳችሁ ስትነኩት ድርቅ ብሎ እየተሰባበረ “ሞቷል” ብላችሁ እንዳትፈርዱበት፤ ትንሽ ውኃ ጠብ አድርጉበትና ቀለሙ ሲለወጥ እዩት።

የትኛውን ዛፍ ይወዳል?

ሻካራና ያረጀ ቅርፊት ያለው፣ ብርሃን የሚያገኝ ዛፍ። ቅርፊቱ ወደ አሲድነት ቢያደላ ይስማማዋል። በደጋችን አስታ፣ ጽድና ኮሶ ዋናዎቹ ናቸው። ግንዱ ላይ ብቻ አትፈልጉ፤ ከፍ ያሉትንና የደረቁትን ቅርንጫፎች እዩ።

ባሕር ዛፍ ግን ይቸገርበታል። ነጭ ባሕር ዛፍ ቅርፊቱን በረጅሙ እየላጠ ይጥላል። ላይከን ደግሞ ለማደግ ዓመታት ይፈልጋል። የተቀመጠበት ቅርፊት አብሮት ከወደቀ ሁሉም ነገር ከዜሮ ይጀመራል። ባሕር ዛፍ ላይ ላይከን አይኖርም ማለቴ አይደለም፤ ከሥሩ አካባቢ የማይላጠው ሻካራ ቅርፊት ላይ ታገኛላችሁ። የባሕር ዛፍ ደን ግን የጽድ ደንን ሊተካው አይችልም።

ዛፉን እየገደለው አይደለም?

አይደለም። ይህን በደንብ እናስረዳ፤ በዚህ ምክንያት የሚቆረጥ ዛፍ ስላለ።

ብዙ ሰው ላይከንን ከተቀጽላ ጋር ያመሳስለዋል። ተቀጽላ እውነተኛ ጥገኛ ነው። ቅርንጫፉን ሰርስሮ ይገባና ከዛፉ ውኃና ማዕድን ይስባል። ኡስኒያ ግን ቅርፊቱን ቆንጥጦ ይይዛል እንጂ ወደ ሕያው ሥጋው ዘልቆ አይመጠምጥም። ምግቡን ራሱ ይሠራል። ዛፉ ለእሱ መቀመጫ ነው። ለዚህም ነው ላይከን በደረቀ አጥር እንጨት ላይ፣ በድንጋይ ላይም የሚያድገው። ከደረቀ አጥር ምን ይመጠመጣል?

“ታዲያ ለምን እየደረቀ ያለው ዛፍ ላይ በዛ?” ትሉ ይሆናል። ምልከታው ልክ ነው፤ የተገለበጠው ምክንያቱ ነው። ዛፍ ሲያረጅ ወይም ሲታመም ቅጠሉ ይረግፋል። ቅጠል ሲረግፍ ብርሃን ይገባል። ብርሃን ሲገባ በውስጡ አልጌ የያዘው ላይከን ይፋፋል። ቅርንጫፉም እድገቱን ስላቆመ ቅርፊቱ ይረጋጋል። ስለዚህ ላይከኑ የመጣው ዛፉ ስለደከመ ነው። ዛፉን ያደከመው ድርቅ፣ የሥር በሽታ፣ ነፍሳት ወይም የተላጠ ቅርፊት ሊሆን ይችላል፤ መፈለግ ያለበት እሱ ነው።

በጓሯችሁ ያለ የኮክ ወይም የፖም ዛፍ ላይ ላይከን ካያችሁም አትፋቁት፤ መድኃኒትም አትርጩበት። ስትፍቁ ቅርፊቱን ታቆስላላችሁ። በቆሰለው በኩል የሚገባው በሽታ ነው ዛፉን የሚጎዳው። ዛፉን ግረዙት፣ ሥሩን ኮትኩቱለት፣ በበጋ አጠጡት። ያ በቂ ነው።

ለደኑ ጥቅሙ ምንድን ነው?

ጉም ያጠምዳል፤ ያጠመደው ሁሉ እሱ ውስጥ አይቀርም፣ ወደ መሬት ይንጠባጠባል። ነፋስ ሲጥለው ይበሰብስና በውስጡ የያዘውን ማዕድን ለአፈሩ ይሰጣል። ሸረሪትና ጥቃቅን ነፍሳት ይደበቁበታል። ወፎች ጎጆአቸውን ይሠሩበታል። ለስላሳ፣ ቀላልና በቀላሉ የማይበጠስ ስለሆነ ለጎጆ ይመቻል።

ከተማ ውስጥ ለምን አይታይም?

አየሩ ነው። ተክል ቅጠሉ ላይ የሚከላከልለት ሰም መሰል ሽፋን አለው፤ ላይከን የለውም። አየር ላይ ያለውን ሁሉ፣ ደጉንም ክፉውንም፣ ይቀበላል። ከነዳጅና ከድንጋይ ከሰል ጭስ ጋር የሚወጣው ሰልፈር ዳይኦክሳይድ የሚባል ጋዝ በተለይ አልጌውን ይጎዳዋል። ከላይከኖች መካከል ቀድመው የሚጠፉት እንደ ኡስኒያ ያሉ የሚንጠለጠሉት ናቸው፤ አየሩን የሚነካው ገጻቸው ሰፊ ነው። ድንጋይና ግድግዳ ላይ እንደ ቀለም የተለጠፉት ጠፍጣፋዎቹ የተሻለ ይቋቋማሉ።

ይህን ቀድመው ካዩት አንዱ ያው ኒላንደር ነው። በ1866 በፓሪስ የሉክሰምበርግ የአትክልት ቦታ ያሉትን ላይከኖች መዝግቦ፣ ከከተማው ሌላ ክፍል የጠፉት በአየሩ ምክንያት እንደሆነ ጻፈ። ከመቶ ዓመት በኋላ፣ በ1970፣ ሆክስወርዝና ሮዝ የተባሉ ሁለት እንግሊዛውያን ዛፍ ላይ ያሉትን ላይከኖች ብቻ በማየት የሰልፈር ዳይኦክሳይድ መጠን የሚገመትበት ባለ ደረጃ መለኪያ አወጡ። የቼርኖቤል የኑክሌር ጣቢያ አደጋ በ1986 ሲደርስ ደግሞ በሰሜን አውሮፓ ላይከን የሚበሉ አጋዘኖች ሥጋ ውስጥ ራዲዮአክቲቭ ሲዚየም ተገኘ። ላይከኑ ከአየር ሰብስቦ አቆይቶታል።

እናንተም ማየት ትችላላችሁ። አንድ የታክሲ መናኸሪያ አጠገብ ያለ ጽድና አንድ መናገሻ ሱባ ያለ ጽድ አወዳድሩ። ቅርፊቱን በቅርብ እዩ፣ ፎቶ አንሱ። ለልጆች የሳይንስ ትምህርት ከዚህ ርካሽ ቤተ ሙከራ የለም። ሲነጻጸሩ ግን የዛፎቹ ዓይነትና ዕድሜ ተቀራራቢ ይሁን። ወጣት ዛፍ ላይ ላይከን ቢጠፋ ጥፋቱ የአየሩ ላይሆን ይችላል። የቦታዎቹ ከፍታና ጉምም ይለያያል፤ እሱንም አስቡበት።

በዓመት ምን ያህል ያድጋል?

ቀስ ብሎ። እንደ ዝርያውና እንደ ቦታው ከጥቂት ሚሊሜትር እስከ ጥቂት ሴንቲሜትር ነው። ክንድ የሚያህል ሽበት ካያችሁ የብዙ ዓመት ሥራ ነው። ባሌ ላይ ለግጦሽ ሲባል አስታ ሲቃጠል የምቆጨው ለዚህ ነው። አስታው ራሱ ከሥሩ ያቆጠቁጣል። ላይከኑ ግን ሥር የለውም፤ የተቃጠለው ተቃጠለ ነው። ከሌላ ቦታ በነፋስ ቁራጭ ወይም ዱቄት እስኪመጣ፣ አዲሱ ቅርንጫፍም እስኪያረጅ መጠበቅ አለበት። እሳቱ እየተመላለሰ ከመጣ ያ ቀን አይደርስም።

መድኃኒት ነው ሲሉ ሰምቻለሁ። አፍልቼ ልጠጣው?

አትጠጡት። ኡስኒክ አሲድ አንዳንድ ባክቴሪያዎችን እንደሚገድል በላቦራቶሪ የታወቀ ነው። በብዙ አገሮችም ኡስኒያ ለቁስል ማሰሪያነት ያገለግል ነበር። ቁስል ላይ ማድረግና መዋጥ ግን ለየቅል ናቸው። በአሜሪካ ኡስኒክ አሲድ ያለባቸው የክብደት መቀነሻ ክኒኖችን የወሰዱ ሰዎች ጉበታቸው ተጎድቶ፣ በ2001 የአገሪቱ የምግብና የመድኃኒት ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ሕዝቡን አስጠንቅቋል። በዚያ ላይ የለቀማችሁት መንገድ ዳር ከሆነ ከአየሩ የሰበሰበውን ብረት ሁሉ አብራችሁ ትጠጣላችሁ።

የምኖረው አሜሪካ ነው። እዚህ ያየሁት ያው ነው?

እንደምትኖሩበት ቦታ ነው። ሲያትል አካባቢ ያላችሁ ዕድለኞች ናችሁ፤ እርጥብ ስለሆነ ኡስኒያ በብዛት አለ። እዚያ ግን አሌክቶሪያ የሚባል በጣም የሚመስለው ላይከንም ስላለ መሳቡን አትርሱ። አሌክቶሪያ የሚለጠጥ ጅማት የለውም። ከተራሮቹ ደረቅ ወገን፣ ፓይን በሚባሉ ዛፎች ላይ፣ ዓይን የሚስብ ደማቅ ቢጫ አረንጓዴ ላይከን ካያችሁ ሌታሪያ ነው። መርዛማ ነው። በአውሮፓ ድሮ ተኩላ ይገደልበት ነበር።

ጆርጂያና ፍሎሪዳ ከትልልቅ የኦክ ዛፎች ላይ በረጅሙ የሚወርደው ግራጫ ነገር ግን ላይከንም ሞስም አይደለም። ቲላንድሲያ የሚባል አበባ የሚያወጣ ተክል ነው፣ የአናናስ ዘመድ። የሳይንስ ስሙ ሁለተኛ ቃል ትርጉሙ “ኡስኒያ የሚመስል” ነው፤ ስለዚህ የተሳሳታችሁ እናንተ ብቻ አይደላችሁም።

ናሙና መውሰድ እችላለሁ?

ፓርክ ውስጥ ያለ ፈቃድ አይቻልም። ከሌላ ቦታም ቢሆን ከዛፍ ላይ ከመንቀል መሬት የወደቀውን አንሱ። ከነፋስ በኋላ ብዙ ይወድቃል፤ ለመማር ከበቂ በላይ ነው።

የወደቀውን ስታነሱ የወረቀት ፖስታ ውስጥ ክተቱት። ፌስታል ውስጥ ከገባ ይሻግታል። ፖስታው ላይ ቀኑን፣ ቦታውን፣ ከባሕር ወለል በላይ ያለውን ከፍታ፣ የዛፉን ዓይነትና ዛፉ ጥላ ውስጥ ነው ወይስ ገላጣ ላይ የሚለውን ጻፉ። የዛፉን ስም አለመጻፍ ትልቁ ጉድለት ነው፤ በኋላ ከፎቶ ለማወቅ ያስቸግራል። የዛፉን ስም ካላወቃችሁ የአካባቢውን እረኛ ጠይቁ፤ ከማንም በላይ ያውቃል። ፎቶ ስታነሱ አንዱ ከሩቅ ሙሉ ዛፉን፣ አንዱ መነሻውን፣ አንዱ የተሳበውን ክር ያሳይ። አይናቹራሊስት የሚባለው የተፈጥሮ ምልከታ ድረ ገጽ ላይ ከጫናችሁት ከዓለም ዙሪያ ያሉ ላይከን የሚያውቁ ሰዎች ያዩታል።

ግቢዬ ውስጥ ላሳድገው እችላለሁ?

ደጋ ላይ፣ ከመኪና ጭስ ርቃችሁ፣ ጉም በሚደርስበት ቦታ ከሆናችሁ መሞከር ይቻላል። ከዚያው አካባቢ መሬት የወደቀ፣ ገና አረንጓዴ የሆነ ቁራጭ ፈልጉና ሻካራ ቅርፊት ባለው ቅርንጫፍ ላይ በጥጥ ክር ላላ አድርጋችሁ እሰሩት። ማዳበሪያ አያስፈልገውም፣ ይጎዳዋል። ከቧንቧ ውኃ ይልቅ ዝናቡን ተዉለት። ከሁለት ክረምት በኋላ አረንጓዴነቱን ከያዘና ከጫፉ አዲስ ቀጭን ክር ካወጣ ቦታው ተስማምቶታል። ከነጣና ከተሰባበረ ግን አየሩ ወይም እርጥበቱ አልበቃውም፤ ሌላ ቁራጭ አምጥታችሁ አትድገሙት።